ሦስተኛው ቀን ላይ የቆመ ቡና

በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ጅማ ውስጥ፣ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ቡና አልደርቅ አለኝ። ቡናው በኮምፒውተር ውስጥ፣ በቁጥር አልጋ ላይ ያሰጣሁት ነው። ፀሐዩን፣ ነፋሱን፣ የአየሩን እርጥበትና የፍሬውን ውፍረት በቀመር ሰጥቼው፣ በ21 ቀን ውስጥ ውሃው ከፍሬው እንዴት እንደሚወጣ እንዲነግረኝ ነበር ፕሮግራሙን የጻፍኩት። የማስተርስ መመረቂያዬ ነበር። የመጀመሪያው ቀን አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ ሦስተኛው ሲሞላ ፕሮግራሙ ዝም አለ። የስህተት ቃል አላወጣም፤ አልተቋረጠምም። ማራገቢያው እየጮኸ፣ የመጨረሻው መስመር ስክሪኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ቡናዬ አሁንም ሦስተኛው ቀን ላይ ነበር።

እኔ የአጋሮ ልጅ ነኝ፤ ቡና ሳይደርቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ይሻግታል። አባቴ ቡና ሰብሳቢ ነበር፣ ከገበሬው እየገዛ ለአቅራቢ የሚያስረክብ። ከጥቅምት ጀምሮ በራችን ላይ ሚዛን ይሰቀላል፤ ከጎማ ገጠሮች ሰው በአህያም በጀርባም ጭኖ ይመጣል። የሚመጣው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ኦቦ፣ መዝኑልኝ»። በኦሮምኛም ይበለው በአማርኛ፣ ቡናም ያው ቡና ነው፣ ልመናውም ያው ነው። አባቴ የሚያደርገው ግን አንድ አልነበረም። ኬሻው ሲፈታ እሸት ከወጣ ስሌቱ ሌላ ነው፤ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይፈልጋል። ከነቅርፊቱ የደረቀ ጀንፈል ከሆነ ሁለት ኪሎ ገደማ ይበቃል። ገለባው የተለየለት ቅሽር ከሆነ ደግሞ ያለ ቅናሽ በፈረሱላው፣ በ17 ኪሎው ይሄዳል። ገበሬው «እሸት መዝኑልኝ» ወይም «ጀንፈል መዝኑልኝ» ብሎ ለይቶ አይናገርም። ቃሉ አንድ፣ ሥራው ሦስት ነው። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው ከኬሻው የወጣው ነገር ነው።

ፕሮግራሙን በጻፍኩበት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በፎርትራን ውስጥ፣ «ጄኔሪክ ፕሮሲጀር» የሚሉት ይኸው ነው። በትምህርት ቤት ሲያስረዱኝ ወዲያው የገባኝ ከአባቴ ደጃፍ ስለማውቀው ነበር፤ ሌሎቹ ተማሪዎች ሲቸገሩበት ገርሞኛል።

ፎርትራን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፣ ከአይቢኤም፣ ጆን ባከስ ከሚመራው ቡድን። በቀድሞው ዘመን ፕሮግራም ጸሐፊው ለየቁጥሩ ዓይነት የተለየ ስም መያዝ ነበረበት። ስኩዌር ሩት ለተራው ቁጥር «ኤስኪውአርቲ»፣ እጥፍ ርዝመት ላለው «ዲኤስኪውአርቲ»፣ ለኮምፕሌክስ «ሲኤስኪውአርቲ» ነበር። ለሦስት ዓይነት ቡና ሦስት በር እንደማቆም ነው፤ በሩን የሳተ ገበሬ በተሳሳተ ዋጋ ይሄዳል። ፎርትራን 77 ቋንቋው ራሱ ይዟቸው ለሚመጣ ተግባራት የጋራ ስም ሰጠ። ተራው ጸሐፊ ለገዛ ሥራው እንዲህ ያለ ስም እንዲያወጣ የተፈቀደለት ግን በፎርትራን 90 ነው፤ ሞጁልም የመጣው ያኔ ነው። ሞጁል ተዛማጅ ሥራዎችና ዳታዎች በአንድ ላይ የሚቀመጡበት ጎተራ ነው። ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የጻፍነውን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም፣ ጎተራውን ከፈተሸ በኋላ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚዘረዝር «ሞድ» የሚባል ፋይል ያስቀምጣል፤ ሌላው የፕሮግራሙ ክፍል ያንን አንብቦ ነው የሚገባው።

አማካሪዬ የሰጡኝ መነሻ ፕሮግራም የፎርትራን 77 ሰው የጻፈው ነበር። ሁሉም በትልልቅ የላቲን ፊደል፣ እያንዳንዱ መስመር ከሰባተኛው ዓምድ የሚጀምር። ሰዓት የሚቆጥረውንና የአየር ጠባይ ፋይል የሚያነበውን ክፍል ከዚያ ወሰድኩ። እዚያ ቁጥሩ ሁሉ «ሪል» ተብሎ ብቻ ነው የታወጀው፤ እኔ በምጠቀምበት ኮምፓይለር፣ በጂፎርትራን፣ ይህ አራት ባይት ነው፣ ሰባት ያህል አሃዝ የሚይዝ። እርጥበቱ በፍሬው ውስጥ የሚጓዝበትን ቀመር የሚፈታውን እኔ ጻፍኩ፤ እዚያ ላይ ለመጠንቀቅ ብዬ «ሪል 8» አልኩ፣ ስምንት ባይት፣ 15 ያህል አሃዝ። ሁለቱ ዓለሞች የሚገናኙበት ሞጁል አበጀሁና፣ ክብደትን ወደ እርጥበት መቶኛ የሚለውጠውን ሥራ በላቲን ፊደል «መዝን» ብዬ ሰየምኩት። ከስሙ ኋላ ሁለት ሠራተኞች አሉ፦ ተራውን ሪል የሚቀበለው «መዝን 4»፣ ስምንት ባይቱን የሚቀበለው «መዝን 8»። ስሙን ሳወጣ አባቴ በዓይኔ ላይ ነበር። ያለ አንዳች ስህተት ኮምፓይል ሆነ፤ ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

ቡናው ሦስተኛው ቀን ላይ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። አማካሪዬ ዘንድ ሄድኩ። ስክሪኑን አላዩም፤ ወረቀት አወጡ።

«ሰዓትሽ በስንት ሰከንድ ነው የሚራመደው?»

«በ0.01 ሰከንድ፣ ዶክተር።»

«ለምን እንዲህ አጠበብሽው?»

ጥንቃቄ መስሎኝ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጻፉልኝ። አራት ባይት ያለው ቁጥር እያደገ በሄደ መጠን ጎረቤታሞች ቁጥሮች እየተራራቁ ይሄዳሉ። 262,144 ላይ ሲደርስ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 0.03125 ነው። 0.01 የዚያን ግማሽ እንኳ አትሞላም፤ ስለዚህ ብትደመርም ድምሩ ተመልሶ እዚያው 262,144 ላይ ያርፋል። ሺህ ጊዜ ብትደምር ሺህ ጊዜ ይመለሳል። 262,144 ሰከንድ ማለት ሦስት ቀን ከ49 ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊትም ሰዓቴ ትክክል አልነበረም፤ ከ131,072 ሰከንድ ወዲህ እያንዳንዷን 0.01 እንደ 0.015625 እየቆጠረ ይሮጥ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ፕሮግራሙ አልቆመም ነበር፤ ያለ ዕረፍት እየሠራ ነበር፣ አንዲት ሰከንድ ግን አላለፈችለትም።

«መፍትሔው ቀላል ነው» አሉኝ። ጂፎርትራን «ዲፎልት ሪል 8» የሚባል ትእዛዝ አለው። ኮምፓይል ሲደረግ አብሮ ከተሰጠ፣ መጠኑ ሳይጠቀስ «ሪል» የተባለው ሁሉ ስምንት ባይት ይሆናል። አሮጌውን ጽሑፍ መስመር በመስመር ማረም አያስፈልግም። ስለ ሰዓቱ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነበር። ቤቴ ገብቼ ትእዛዙን ጨመርኩ፤ ኮምፓይለሩ ከ«መዝን» ሞጁል ላይ ሳያልፍ ቆመ። ያወጣው ቃል «አምቢጉየስ» የሚል ነው። «መዝን 4» እና «መዝን 8» በአንድ ስም ሥር አሻሚ ናቸው፣ መለየት አልችልም አለ።

ትናንት የለያቸውን ዛሬ እንዴት መለየት አቃተው? አራት ቀን ከዚህ ጥያቄ ጋር ተፋጠጥኩ። ሁለቱን ሥራዎች ደጋግሜ አነበብኩ፤ አንዱ «ሪል» ይላል፣ አንዱ «ሪል 8»፣ በዓይን የሚታይ ልዩነት ነው። አሮጌ ሞድ ፋይሎችን ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ። ስማቸውን ቀየርኩ፤ ስም ለኮምፓይለሩ ምንም እንዳልሆነ ያን ጊዜ አላወቅኩም። ፎርትራን የጋራ ስም ተሸካሚዎችን የሚለያቸው በሚቀበሉት ነገር ነው፦ በዓይነቱ፣ በባይት መጠኑ፣ አንድ ነጠላ ቁጥር ወይስ ረድፍ ወይስ ሠንጠረዥ በመሆኑ። ረድፉ ስንት ቁጥር እንደሚይዝ አይቶ አይለይም። ውስጣቸው የሚሠሩት ሥራ ቢለያይም ግድ የለውም። በመጨረሻ ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፎርትራን 90 የጠየቃቸው ነገሮች ለኮምፓይለር ጸሐፊዎች ከባድ ነበሩ፣ ጂፎርትራንም ጂሲሲ ከሚባለው የኮምፓይለሮች ስብስብ ጋር መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ በጄኔሪክ ስሞች ዙሪያ እውነተኛ እንከኖች ተገኝተውበት ታርመዋል። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ከንቱ አልነበረም። ስህተቱ እኔ ዘንድ መሆኑን ለመመርመር ግን አዘገየኝ።

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ ለሚማር ጓደኛዬ ደወልኩ። «አንተ ዘንድ ኮምፓይል አድርገህ ላክልኝ» ስለው ፋይሉን ወስዶ አደረገው፤ ምንም ስህተት አላየም። ሞድ ፋይሉን በፍላሽ አድርጎ በአውቶቡስ ላከልኝ። የኔው ጂፎርትራን ግን አላነበውም አለ፣ ፋይሉ በሌላ ቨርዥን የተሠራ ነው ብሎ። ዓርብ ማታ ነበር። አከራዬ በሬን አንኳኩተው «ነይ ውጪ፣ አቦሉ ወረደ» አሉኝ። በርጩማ ላይ ተቀምጬ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጠጣሁ፤ የተናገርኩት ነገር አልነበረም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ቅዳሜ ወደ አጋሮ ሄድኩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በየደጁና በየጓሮው አልጋ ተዘርግቶ ቀይ ቡና ተሰጥቷል። ቤት ስደርስ አባቴ ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ጋር ቆሟል። ሰውየው በሁለት ኬሻ ያመጡት ቡና በመሐል ዝናብ መቶታል፤ ለገንዘብ ቸግሯቸው ሳይደርቅ ከአልጋ ያነሱት ነው። «መዝኑልኝ ኦቦ» ይላሉ። አባቴ አንድ እፍኝ አነሳ፣ በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ከዚያ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቀው። የደረቀ ጀንፈል ውስጡ ያለው ፍሬ ከቅርፊቱ ተላቆ ይንኳኳል። ይሄ አልተንኳኳም።

«አባባ፣ ይሄ እሸት አይደለም፣ ጀንፈልም አልሆነም። በእሸት ዋጋ ብመዝነው እርስዎን እበድላለሁ፤ ግማሽ ውሃው ወጥቷል። በጀንፈል ብመዝነው እኔ ውሃ መግዛቴ ነው። እኛ አልጋ ላይ ይሰጣ፣ ሲደርቅ ይመዘናል።»

ሰውየው ተከፉ። አባቴ ለመንገዳቸው ገንዘብ ሰጣቸው፣ እናቴም ቡና አቀረበችላቸው። ቡናቸው ከኛ ቡና ጎን፣ በገመድ ተለይቶ ተሰጣ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው መጥተው በጀንፈል ዋጋ ሸጡት።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ይህን ሳሰላስል ነበር። አባቴ እምቢ ያለው የመጣው ነገር ከሁለቱም ስለማይገጥም ነው። ፎርትራንም እንዲህ ያለ እምቢታ አለው፤ በጋራው ስም ጠርተኸው የምትሰጠውን ነገር የሚቀበል ሠራተኛ ከሌለ፣ ለዚህ የሚሆን የለኝም ብሎ ይቆማል። የኔ ችግር ግን ይህ አይደለም። የኔው የተገላቢጦሽ ነው፦ አንድ ነገር ለሁለቱም ይገጥማል። ደግሞም ኮምፓይለሩ ቡና ይዞ የመጣ ሰው ሳይኖር፣ «መዝን»ን ገና ማንም ሳይጠራው፣ ከማወጃው ላይ ነው የቆመው። አባቴ ገበሬው እስኪመጣ ይጠብቃል። ፎርትራን አይጠብቅም፤ ወደፊት አንድ ሰው መጥቶ ግራ የሚጋባበት ዕድል ካለ በሩን አስቀድሞ አያስከፍትም። እንግዲህ ሁለቱ ሠራተኞቼ አንድ ዓይነት ነገር ይቀበላሉ ማለት ነው። እንዴት?

እሑድ ማታ ጓደኛዬ የላከልኝን ሞድ ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ ከፈትኩት። በዚያ ዘመን የጂፎርትራን ሞድ ፋይል ያልታመቀ ግልጽ ጽሑፍ ነበር። ቅንፍ በቅንፍ ላይ የተደራረበ፣ ለሰው ዓይን የማይመች፣ ግን የሚነበብ። ፈልጌ ፈልጌ የ«መዝን 4»ን መስመር አገኘሁ፤ «ሪል 4» ይላል። የ«መዝን 8»ን አገኘሁ፤ «ሪል 8» ይላል። ከዚያ የራሴን ሞጁል አንስቼ፣ ሁለተኛውን ሠራተኛ አውጥቼ፣ «መዝን 4»ን ብቻ ትቼ፣ ከነትእዛዙ ኮምፓይል አደረግኩ። አልተቃወመም። የወጣውን ሞድ ፋይል ከፈትኩ። «መዝን 4» የሚለው ስም አጠገብ «ሪል 8» ተጽፏል።

ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። ጓደኛዬ ኮምፓይል ሲያደርግ ትእዛዙን አልሰጠም፤ እኔም አልነገርኩትም። «ዲፎልት ሪል 8» ተራውን ሪል ሁሉ ስምንት ባይት ሲያደርግ የሰዓቴን ብቻ አይደለም፣ የ«መዝን 4»ንም ለውጦታል። ስሙ ላይ 4 ቢኖርም ሰውነቱ 8 ሆኗል። ቀድሞ 8 ከነበረው ወንድሙ ጋር በምንም አይለይም። ኮምፓይለሩ ያለው ሁሉ ከመጀመሪያው እውነት ነበር፤ እኔ የጻፍኩትን አነብ ነበር፣ እሱ ደግሞ ያዘዝኩትን።

ማስተካከያው አንድ ሌሊት ፈጀ። ትእዛዙን አነሳሁት። የቁጥር መጠኖች ብቻ የሚሰየሙበት አንዲት ትንሽ ሞጁል አበጀሁ፦ አንዱ ቢያንስ 6 አሃዝ የሚይዝ፣ ሌላው ቢያንስ 15። ኮምፓይለሩን «ይህን የሚችል ስጠኝ» ብሎ የሚጠይቅ ተግባር ቋንቋው ውስጥ ስላለ በባይት መናገር አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ በፕሮግራሙ ውስጥ ባዶውን «ሪል» የሚል ቃል አላስቀረሁም። ሰዓቱን ወደ ረጅሙ አዛወርኩት። ቋሚ ቁጥሮችንም ነካካኋቸው፤ መጠኑ ያልተነገረለት 0.1 አጭር ሆኖ ይወለዳል፣ ወደ ረጅሙ ሲገባ 0.1 ሳይሆን 0.1000000015 ገደማ ነው። ንጋት ላይ ቡናው አራተኛውን ቀን ተሻገረ። እኔም እንቅልፍ ሳይወስደኝ እያየሁት እስከ 19ኛው ቀን ሄደ፤ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ወረደ።

በኋላ ማስተማር ስጀምር ባዶ «ሪል» ለምን እንደምከለክል ተማሪዎች ይጠይቁኛል። በመልኮ ነው የምመልስላቸው። ከጅማ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የመልኮ ምርምር ማዕከል፣ የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ገብቶ ማሳ ሲያወድም፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከየጫካውና ከየገበሬው ጓሮ እየለየ ሰበሰበ። ስም ከማውጣት ይልቅ ቁጥር ሰጣቸው፦ 74110፣ 74112፣ 74158። መጀመሪያው 74 ዛፉ የተመረጠበት የፈረንጅ ዓመት ነው፣ ቀሪው የዛፉ ቁጥር። ገበያ ላይ ሁሉም ቡና ነው፤ ችግኝ የሚተክል ገበሬ ግን «የአገሩ ቡና» ሲባል አይበቃውም፣ «ሰባ አራት አንድ አስር ነው ወይ?» ይላል። የጋራ ስሙ ውብ የሚሆነው ከኋላው ያሉት እያንዳንዳቸው ማን እንደሆኑ በማይለወጥ ስም ሲታወቁ ነው። «ዲፎልት» ግን አንድ ቦታ አራት፣ ሌላ ቦታ ስምንት ነው። ማን ኮምፓይል እንዳደረገው ይለያያል።

ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ዛሬ የራሳቸውን ፕሮግራም ከባዶ አይጽፉም። «ኳንተም ኤስፕሬሶ» ላይ ነው የሚሠሩት፣ ማዕከሉ የጣሊያኗ ትሪየስት ሆኖ ያደገ፣ የጠጣር ቁሶችን ኤሌክትሮኖች የሚያሰላ የፎርትራን ፕሮግራም። በቡና ስም የተጠራ ፕሮግራም በቡና አገር ሲሠራበት ማየት ደስ ይለኛል። ውስጡን ሲከፍቱት «ኤምፒ ሰም» የሚባል አንድ ስም ያገኛሉ፤ በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ የተበተነን ድምር የሚሰበስብ። ከኋላው ለኢንቲጀር፣ ለሪል፣ ለኮምፕሌክስ፣ ለነጠላና ለረድፍ የተለያዩ ሠራተኞች ተሰልፈዋል። የቁጥሩ መጠንም በአንዲት ትንሽ ሞጁል ውስጥ አንድ ጊዜ ተሰይሞ በሁሉም ቦታ ይጠራል። ይህን ሳሳያቸው ድምፄ ከፍ ይላል ይሉኛል።

መመረቂያዬን ካስረከብኩ በኋላ፣ በሚቀጥለው ኅዳር፣ ላፕቶፑን ይዤ አጋሮ ሄድኩ። የዚያን ሳምንት ሙቀትና እርጥበት አስገብቼ፣ እኛው አልጋ ላይ ስላለው ቡና ፕሮግራሙን ጠየቅኩት። አባቴ ከጎኔ ቆሞ ኩርባው ሲወርድ ተመለከተ።

«ምን ይላል ልጄ?»

«ማክሰኞ ከሰዓት ይነሳል ይላል፣ አባዬ።»

መልስ አልሰጠኝም። ወደ አልጋው ሄደ፣ ከመሐሉ አንድ እፍኝ ዘገነ። ስክሪኑን ይዤ ተከተልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ጀንፈሉን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ይነቀንቅ ነበር።